የተጠየቀችው እሷ ናት

«ምንም መድኃኒት አትወስድም» አለች ሑዳ።

የተጠየቀችው ግን ሑዳ አልነበረችም። ዶክተር አማኒ ዓይን ዓይኗን እያየች የጠየቀችው የረዋንን እናት፣ ሐመልማልን ነው። ሐመልማል አፏን ለመክፈት እንኳ ፋታ አላገኘችም። የረዋን አክስት ሑዳ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ ወንበር ላይ ከተቀመጠችበት ደቂቃ ጀምሮ የሐመልማልን ዕድሜም፣ የሚያማትን ቦታም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያማትም መልሳ ጨርሳለች። ረዋን በሆዷ «ትንሽ ቆይታ ደግሞ በእናቴ ፈንታ ታስልላታለች» አለች።

ከወንዙ ማዶ ኻርቱም ባሕሪ ካለው ከዚህ ክሊኒክ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ማራገቢያው ቆሟል። ሐኪሟ የራጁን ፊልም በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

«እነዚህን ሁለቱን አያችኋቸው? ሌሎቹ የጀርባ አጥንቶች ቅርጻቸውን እንደያዙ ናቸው። እነዚህ ተጨፍልቀዋል። የአጥንት ጥግግት ምርመራውም ይህንኑ ነው የሚያሳየው።» ከዚያ በአረብኛ የበሽታውን ስም ተናገረች። ረዋን ያንን ቃል የምታውቀው ነክሰውት እጅ ላይ ለሚፈረፈር ብስኩት ሲባል ነበር። ሰው ውስጥ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም።

ወደ እናቷ ጆሮ ጠጋ ብላ በአማርኛ «እማ፣ አጥንትሽ… ቀጭን ሆኗል ትላለች። ውስጡ» አለቻት።

«ሳስቷል በይ» አለቻት እናቷ ቀስ ብላ። ኻርቱም ተወልዳ ያደገች ልጇን አማርኛ ማረም እዚህም አልተወችም።

ሁሉም ነገር የጀመረው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ሐመልማል ካላክላ ባለው ቤታቸው መጋረጃና የትራስ ልብስ እየሰፋች ትሸጣለች። ያን ቀን የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ ልታስጠጋ ስትገፋ ወገቧ ቀጭ አለ። «ብርድ ነው» ብላ በቅባት ስታሽ ከረመች። ከቀን ወደ ቀን ግን መኪናው ላይ ማጎንበስ አቃታት። በመጨረሻ ወንበር ላይ መቀመጥም አቃታት። የረዋን አባት ሲዲግ የጭነት መኪና ይዞ ፖርት ሱዳን መንገድ ላይ ስለነበር፣ እዚህ ያመጣቻቸው ሑዳ ናት።

«በአርባ ስድስት ዓመት አጥንት እንዲህ አይሆንም። የሆነ ምክንያት አለው» አለች ዶክተር አማኒ። «አጥንት የሚጎዳ መድኃኒት የሚያስወስድ አስም የለባትም። ሌላ ሕመም የለባትም። አንድ ነገር ልጠይቅ። ሴቶች እንዲወፍሩ፣ ጉንጫቸው እንዲሞላ ተብሎ በየመዋቢያ ሱቁ የሚሸጥ ክኒን አለ። ስም የለውም፣ በፌስታል ቋጥረው ነው የሚሰጡት። ኮርቲዞን ነው። ለዓመታት ሲወሰድ አጥንት ይበላል። እሱን ወስደሽ ታውቂያለሽ?»

ረዋን ደነገጠች። ነጭ፣ ትንሽ፣ በፌስታል የተቋጠረ። ከሑዳ ቤት በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከትታ ካላክላ ድረስ የምታመላልሰው ራሷ አይደለችም? «ቫይታሚን ነው፣ ለእናትሽ ስጫት» እየተባለች ከሕፃንነቷ ጀምሮ።

አፏን ልትከፍት ስትል የእናቷ እጅ በጠረጴዛው ስር መጥቶ ጉልበቷን ጨመቀው። ዝም በይ ማለት ነው።

«አዑዙ ቢላህ» አለች ሑዳ፣ የተጠቀለለችበትን ቶብ ወደ ትከሻዋ እየሳበች። «እንዲህ ያለ ነገር እኛ ቤት አይገባም። ወላሂ፣ አማል እንኳን ልትወስደው ስሙንም አታውቀው።»

አማል። ሐመልማል ማለት ለምላስ ይከብዳል ብለው የአባቷ ዘመዶች ያወጡላት ስም ነው። የክሊኒኩ ካርድ ላይ ሳይቀር አማል ተብላ ተጽፋለች። ረዋን ዛሬ ይህም አናደዳት። ሌላ ጊዜ ልብም አትለው ነበር።

ሐኪሟ ሑዳን ትንሽ አየቻት። የሑዳ የቀኝ እጅ አንጓ በላስቲክ ፋሻ ተጠቅልሏል፣ ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ተንሸራታ ነው። የወርቅ አምባሮቿ ሁሉ በግራ እጇ ላይ ተደርድረዋል። ሐኪሟ ወደ ሐመልማል ተመለሰች።

«ሕክምናው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ክኒን አለ። በየስድስት ወሩ የሚወጋ መርፌ አለ። በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥም አለ። ግን አጥንትሽን የሚበላውን ሳላውቅ ብጀምርልሽ ከታች በተበሳ ባልዲ ውኃ መቅዳት ነው። ደም ትሰጪና ሐሙስ ትመለሻለሽ። እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳታነሺ። ሦስተኛ አጥንት ከተጨፈለቀ ቀና ብሎ መሄድም ሊያስቸግርሽ ይችላል።»

«ክኒኑ ይበቃታል» አለች ሑዳ ተነሥታ። «መርፌ ትፈራለች።»

እናቷ መርፌ ፈርታ አታውቅም። መርፌ ይዛ ነው የምትውለው። ረዋን ግን ይህንንም ሳትናገር ወጣች፤ ጉልበቷ ላይ የእናቷ ጣቶች አሁንም ያሉ ይመስላታል።

ከባሕሪ ድልድዩን ተሻግሮ፣ መሃል ከተማ ሐፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ቀይሮ ካላክላ መድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የሑዳ ልጅ በመኪናው ሊያደርሳቸው ነበር፣ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ዋለ። ሹፌሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሐመልማል ዓይኗን ትጨፍናለች። ረዋን መንገዱን የሠራውንም፣ ሹፌሩንም፣ ሑዳንም፣ ራሷንም በየተራ ትረግማለች። እናቷ አንድም ጊዜ ኧረ አላለችም፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አናደዳት።

ቤት እንደገቡ ረዋን ጫማዋን ሳታወልቅ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ሳበችው። ከክሩ፣ ከመቀሱና ከቁልፎቹ ስር ፌስታሉ አለ። ይዛው እናቷ ፊት ቆመች።

«ይሄ ነው አይደል?»

ሐመልማል አልጋው ጫፍ ላይ በቀስታ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «ጫማሽን አውልቂ።»

«እማ፣ ይሄ ነው አይደል? ቫይታሚን ነው ብላችሁ እኔን አሸከማችሁኝ።»

«እኔም ቫይታሚን ነው የተባልኩት» አለች እናቷ። «ኋላ ነው ያወቅሁት፤ ካወቅሁ ደግሞ ቆየሁ።»

ከዚያ ነገረቻት። አባቷን ስታገባ ቀጭን ነበረች። ከገዳሪፍ እስከ ኻርቱም ያለ ዘመድ የመጣች፣ የሰው ቤት ውስጥ እየሠራች ጾሟን ያደረች ልጅ ከየት አምጥታ ትወፍር። የሠርጉ ሰሞን የሲዲግ ዘመዶች ሊያዩዋት መጡ። ሙሽራዋን ከላይ እስከ ታች አይተው «ወንድማችን አጥንት አገባ» ብለው ሳቁ። በአረብኛ ነው ያሉት፤ አትሰማም ብለው። ሑዳ ግን መስማቷን ፊቷ ላይ አይታለች። በማግስቱ ክኒኑን ይዛላት መጣች።

«በክፋት አይደለም» አለች ሐመልማል። «አፍራልኝ ነው። እሷም ትወስደው ነበር፣ እህቶቿም። ሁለት ወር ሳይሞላ ጉንጬ ሞላ። እነዚያው ሴቶች መጥተው አቀፉኝ። ከዚያ በኋላ ነው እንደ ሰው ያናገሩኝ።»

አጥንት ነሽ ብለው ሳቁባት። አሁን ደግሞ አጥንቱም አልተረፈላትም። እነዚያ ሴቶች በየዒዱ እየመጡ ረዋንን ያቀፏት፣ ያጎረሷት፣ ከረሜላ የሰጧት አክስቶቿ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ላይ ሰብስባ ብትጮህባቸው ደስ ባላት።

ፌስታሉን ጨብጣ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች።

«ረዋን፣ እንዳትደፊው» አለች እናቷ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንድ ረመዳን ላይ በገዛ ራሴ ትቼው ነበር። በሳምንቱ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ሰውነቴ ዛለ፣ አስመለሰኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ሑዳ መጥታ እንደገና ሰጠችኝ፤ ተነሣሁ። ‹አየሽ፣ አቁሞ የያዘሽ እሱ ነው› አለችኝ።»

ረዋን በሩ ላይ ቆመች። የሚበላትን ነገር አቁሞ የያዘሽ ነው ብለዋታል። ወስዳም ትጎዳለች፣ ትታም ትጎዳለች። ይህን የሚፈታው ሐኪም ብቻ ነው፤ ሐኪሟ ደግሞ አታውቅም። ተመልሳ ፌስታሉን መሳቢያው ውስጥ ወረወረችው።

«ሐሙስ ንገሪያት።»

«ሑዳ ፊት?»

«ሑዳ ፊት። ምን ታደርግሻለች?»

«ምንም አታደርገኝም» አለች ሐመልማል። «አባትሽ መንገድ ላይ ሆኖ ስታመሚ ሆስፒታል ይዛሽ የሮጠችው ማን ናት? ከሻ ወጥቶ ፖሊስ ሐበሻ የሆነውን ሁሉ ሲያፍስ፣ የኔም የኢቃማ ወረቀት ጊዜው አልፎበት ጣቢያ ስገባ፣ ፖሊሶቹ ላይ ጮሃ ያስወጣችኝ ማን ናት? ሰው ፊት ውሸታም ላድርጋት?»

«ታዲያ ለዚህ ብለሽ አጥንትሽን ትሰጫታለሽ?»

እናቷ የትራሱን ልብስ ጠርዝ በጣቷ እየዳበሰች ስፌቱን ታያለች።

«ኻላስ፣ አንቺ ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ» አለች ረዋን።

ሐመልማል ቀና አለች። ያን ጊዜ የተቆጣችው እሷ ነበረች። «አንቺም እንደ ሑዳ በኔ አፍ ልትናገሪ ነው? እሷ አትወስድም ትላለች፣ አንቺ ትወስዳለች ትያለሽ። እኔ ታዲያ ምን ላደርግ ነው የምሄደው? ደሜን እንድሰጥ ብቻ ነው የምትፈልጉኝ?»

እውነት ከራሷ ጋር ናት፣ ረዋን ይህን ታውቃለች። ግን ከእናቷ ጋርም አለች። ጫማዋን አውልቃ በሩ ስር አኖረችውና የሽንኩርት መክተፊያውን አወጣች፤ እናቷ ቆማ እንዳትከትፍ። እንባዋን በሽንኩርቱ ለማሳበብም ተመቻት።

ሐሙስ ጠዋት ሐፍላው መሃል ከተማ ሲደርስ ቆመ። የተቃውሞ ሰልፍ ቀን ነው። ወታደሮች ድልድዩን በኮንቴይነር ዘግተውታል። «ያላ፣ ውረዱ፣ ተመልሰናል» አለ ረዳቱ። ሐመልማል ጥላ ፍለጋ በአጥሩ ጥግ ጥግ እየሄደች፣ በየጥቂት እርምጃው እየቆመች መመለሻው ሐፍላ ተራ ደረሰች። አንዴ ቆማ የተዘጋውን መንገድ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ምን እንደምታስብ ረዋን አልጠየቀቻትም። ከዚያ ክርክር ወዲህ የሚነጋገሩት ስለ ምግብና ስለ መብራት ብቻ ነበር።

እሑድ ድልድዩ ተከፍቶ ክሊኒኩ ሲደርሱ ሑዳ ቀድማቸው ተገኘች። ከማለዳ መጥታ ተራ ይዛላቸዋለች። ለሐመልማል ወገብ የሚሆን ትራስ አምጥታለች፣ ተልጦ የተዘጋጀ ብርቱካንም። ረዋን ብርቱካኑን አልበላም አለች። በአረብኛ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር አላት፤ አጥንት አገባ ብላችሁ ስትስቁ ብሎ የሚጀምር። በብርቱካን የሚዘጋ አፍ አይደለም።

ዶክተር አማኒ የደሙን ውጤት ዘርግታ አየች። «ኩላሊትሽ ጥሩ ነው። ሌላ ነገር ግን አለ። ሰውነት ራሱ የሚሠራው ኮርቲዞን አለ፤ ያንቺ እንቅልፍ ላይ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ከውጭ ሲሰጠው ነው። ስለዚህ መልሼ እጠይቅሻለሁ። ያንን ክኒን ትወስጃለሽ?»

ሑዳ ትንፋሿን ሳበች። «ደክቶራ፣ ባለፈው እንዳልኩሽ…»

«ዐምቶ» አለች ረዋን።

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። በዕድሜዋ የአባቷን ታላቅ እህት ንግግር አቋርጣ አታውቅም፤ ማንም ዘመድ ፊት እንዲህ ብታደርግ አባቷ ራሱ ያፍርባታል። ሑዳ ዞር ብላ አየቻት።

«የተጠየቀችው እሷ ናት» አለች ረዋን።

ውጭ አንድ ረክሻ ክላክሱን እያንጫረረ አለፈ። ረዋን ንግግሯ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ክኒኑን ማን እንደሰጣት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ማን እንዳመላለሰው፣ ሁሉንም። ጥርሷን ነከሰች። ሐኪሟ ስትጠብቅ፣ ሑዳ ስትጠብቅ፣ እሷም አብራ ጠበቀች። እናቷ ዛሬም ሳትናገር ብታልፈውስ? ጀርባዋ የራሷ ነው፣ አፏም የራሷ ነው።

ሐመልማል የቶቧን ጫፍ ፈታች። የተቋጠረውን ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከቤት ስትወጣ ቋጥራው መምጣቷን ረዋን አላየችም።

«ሐመልማል እባላለሁ» አለች፣ መጋረጃ ስትሸጥ በምትከራከርበት የገበያ አረብኛዋ። «ከሠርጌ ጀምሮ እወስደዋለሁ። አንድ ጊዜ ትቼው መነሣት አቃተኝ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። አንድ ክኒን በመዳፏ አድርጋ አገላበጠችው። «በአንዴ እንዳትተዪው። ያኔ ያልተነሣሽው ለዚህ ነው፣ ሰውነትሽ የራሱን ረስቷል። ቀስ በቀስ እኔ እቀንስልሻለሁ። ለአጥንቱ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ትጀምሪያለሽ፤ ይሄኛው እውነተኛ ቫይታሚን ነው። ከዚያ ከሦስቱ አንዱን እንመርጣለን።»

«የሳምንቱ ክኒን ጨጓራ ያለበት ሰው ላይ እንዴት ነው?» አለች ሐመልማል።

«ጨጓራ አለብሽ?»

«አለብኝ። አልተጠየቅሁም።»

ሐኪሟ አንገቷን ነቀነቀች። «ሊያቃጥልሽ ይችላል። በባዶ ሆድ በብዙ ውኃ ተውጦ ለግማሽ ሰዓት ቀና ብሎ መቆየትም ይጠይቃል።»

«ለግማሽ ሰዓት ቀና ማለት ብችልማ እዚህ አልመጣም ነበር። የስድስት ወሩ ቢዘገይስ?»

«መዘግየት የለበትም። ከዘገየ አጥንቱ ቶሎ ይወርዳል፤ እንደገና ሊሰበር ይችላል።»

ሐመልማል ጨርቅ ስትገዛ የምታደርገውን አደረገች፤ ወዲያው እሺ አላለችም፣ አሰበችበት። «ሐሙስ ድልድይ ተዘግቶ ከመንገድ ተመልሰናል። በዚህ አገር ከስድስት ወር በኋላ መንገዱ ይከፈት ይዘጋ፣ መድኃኒቱ ይኑር ይጥፋ ማን ያውቃል። በዓመት አንዴ የምትሰጪው ግሉኮስ ምን ያደርገኛል?»

«አንድ ሁለት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ሊኖርሽ ይችላል። ከዚያ በፊት ጥርስሽን ትታያለሽ።»

«ትኩሳት እችላለሁ» አለች ሐመልማል። «እሱን እፈልጋለሁ።»

ስለ መርፌ ፍርሃት ያነሣ ሰው አልነበረም። ረዋን ወደ ሑዳ ዞረች፤ አሁን ተራው የሷ ነው፣ ንግግሯን ልትጀምር ነው። ሑዳ ግን እሷን አታይም ነበር። ዓይኗ ፌስታሉ ላይ ነው። ጉንጮቿ እንደ ወትሮው ሞልተዋል፤ ፋሻ ያለበትን እጇን ቶቧ ውስጥ ደብቃለች።

«ደክቶራ» አለች በመጨረሻ። ሁልጊዜ ክፍል የሚሞላው ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። «ይሄን ነገር ከሷም በፊት የጀመረ ሰው ቢኖርስ?»

ነርሷ በሩን ከፍታ የሚቀጥለውን ታካሚ ስም ጠራች። ሐኪሟ ጠብቂ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻት።

ረዋን ንዴቷ አልበረደም። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልረሳችም፤ አጥንት አገባ ብላችሁ ስትስቁ። ተነሥታ የራሷን ወንበር ወደ ሐኪሟ ጠረጴዛ ገፋችው። ሑዳ መጥታ ተቀመጠችበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ዶክተር አማኒ። «በቀን ስንት?»

ሑዳ ወደ ሐመልማል አየች፣ ወደ ረዋን አየች። ረዋን ከመልሱ የምታውቀው አለ። ፌስታሎቹ ሁልጊዜ ሁለት ነበሩ፤ ትንሹ ለእናቷ፣ ትልቁ የሑዳ። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

የተጠየቀችው ሑዳ ናት። ረዋን ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀቻት።